ልጁ በማሕፀን ሲላወስ፦ እንቅስቃሴውን ማወቅና መከታተል

በእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ «ልጁ እንዴት ነው? ይንቀሳቀሳል?» ተብላ የምትጠየቅ ነፍሰ ጡር ብዙውን ጊዜ «አዎ፣ ደህና ነው፣ ይላወሳል» ብላ ትመልሳለች። መልሱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ለአዋላጅ ብዙ አይነግርም፤ ልናውቅ የምንፈልገው መንቀሳቀሱን ብቻ ሳይሆን፣ ትናንትና ከትናንት በስቲያ እንደለመደው እየተንቀሳቀሰ መሆን አለመሆኑን ጭምር ነውና። በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ ጤና ጣቢያ በአዋላጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብኩት፣ እናቶች የልጃቸውን ጠባይ ከማንኛችንም በላይ እንደሚያውቁ፣ ሆኖም ያወቁትን አምነው በሰዓቱ ለመናገር እንደሚያመነቱ ነው። ልጅዎ በማሕፀን ሳለ ስለ ደኅንነቱ በየዕለቱ ሊነግርዎ የሚችለው በእንቅስቃሴው ስለሆነ፣ ልማዱን እንዴት እንደሚለዩና ልማዱ ሲለወጥ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ሳምንቱን ማወቅ

ስለ እንቅስቃሴ የሚሰጥ ምክር ሁሉ በሳምንት የተቆጠረ ሲሆን፣ እኛ ግን እርግዝናን የምንቆጥረው በወር ነው። «ሰባት ወሬ ነው» የምትል እናት ሰባተኛውን ወር መጀመሯ ይሁን መጨረሷ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ አራት ሳምንት አለ። የጤና ባለሙያ ሳምንት የሚቆጥረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ ነው። በእኛ የዘመን አቆጣጠር ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ አያስቸግርም። የመጨረሻ የወር አበባዋን መስከረም 1 ያየች ሴት 24 ሳምንት የሚሞላት የካቲት 19፣ 28 ሳምንት የሚሞላት መጋቢት 17፣ 40 ሳምንት የሚሞላት ደግሞ ሰኔ 11 ነው። 40 ሳምንት ማለት 280 ቀን፣ ማለትም ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ሲሆን፣ በመካከሉ ጳጉሜ ካለፈ ግን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይደመራል፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን። ቀኑን በትክክል የማያስታውሱ ከሆነ በእርግዝናው መጀመሪያ የሚደረግ አልትራሳውንድ ይበልጥ የተጠጋ ግምት ይሰጣል። የተገመተውን የመውለጃ ቀን ባለሙያው በክትትል ካርድዎ ላይ ሲጽፍ እርስዎም በስልክዎ ወይም በግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

የመጀመሪያው መላወስ

አብዛኞቹ እናቶች የልጃቸውን እንቅስቃሴ የሚሰሙት ከ16 እስከ 24 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚህ በፊት የወለደች ሴት ስሜቱን ስለምታውቀው ቀድማ ትለየዋለች፤ የመጀመሪያ ልጇን የያዘች ግን ከ20 ሳምንት በኋላም ላይሰማት ይችላል። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው እርግጫ አይደለም። አንዳንዷ የዐይን ቆብ ሲርገበገብ የሚሰማውን ዓይነት ነው ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ነፋስ የተላወሰ ይመስላትና ሽሮው ነው ብላ ታልፈዋለች። በዚህ ወቅት አንድ ቀን ተሰምቶ በማግስቱ ቢጠፋ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ልጁ ገና ትንሽ በመሆኑ አብዛኛው እንቅስቃሴው ከማሕፀን ግድግዳ አይደርስም።

እንግዴ ልጁ በማሕፀን ፊት ለፊት፣ ማለትም በሆድ በኩል ከተጣበቀ፣ በልጁና በሆድዎ ቆዳ መካከል እንደ ትራስ ስለሚሆን እንቅስቃሴው ዘግይቶና ደብዝዞ ሊሰማ ይችላል። እንግዴ ልጁ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ውጤት ላይ ስለሚጻፍ፣ ባለሙያው እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። ሆኖም 24 ሳምንት ሞልቶ አንድም ጊዜ ካልተሰማዎት፣ ምክንያቱ እንግዴ ልጁ ነው ብለው በራስዎ ሳይደመድሙ ወደ ክትትል ቦታዎ ሄደው የልጁ የልብ ምት እንዲደመጥ ያድርጉ።

ልማዱን ማጥናት

ከ24 ሳምንት በኋላ እንቅስቃሴው እየጠነከረ ሄዶ በ28 ሳምንት አካባቢ አብዛኛው ልጅ የራሱ የሆነ የቀን ሥርዓት ይይዛል። አንዱ እናቱ ምሳ በልታ አረፍ ስትል ይነቃል፤ ሌላው ማታ እሷ ልትተኛ ስትል መገላበጥ ይጀምራል። ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ይበረታሉ። ልጁ በማሕፀን ውስጥም ይተኛል፤ እንቅልፉ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ የሚቆይ ሲሆን፣ ጤነኛ በሆነ ልጅ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት ዝም ማለቱ ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም።

«በቀን ስንት ጊዜ መንቀሳቀስ አለበት?» ተብዬ ስጠየቅ ቁጥር ከመስጠት እቆጠባለሁ። ለሁሉም ልጅ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም፤ መለኪያው የእርስዎ ልጅ የትናንት ልማድ እንጂ የጎረቤትዎ ልጅ ወይም ያለፈው እርግዝናዎ አይደለም። ጭምት ልጅ በጭምትነቱ ከቀጠለ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ሲራገጥ የነበረ ልጅ እንደዚያ ጭምት ልጅ ዝግ ካለ ግን፣ እንቅስቃሴው ጨርሶ ባይቆምም፣ ለእሱ ትልቅ ለውጥ ነው።

ልማዱን ለማጥናት ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ምን እንደተሰማዎት በአጭሩ መመዝገብ ይበቃል፤ «ከምሳ በኋላ ብዙ ገፋ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተገላበጠ» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። እርግጫ፣ ግፊት፣ መገላበጥና መንጠራራት ሁሉም እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራሉ። በአንድ ቦታ ላይ በእኩል ርቀት ተደጋግሞ ትር ትር የሚለው ግን ስርቅታ ስለሆነ አይቆጠርም፤ የሚያሰጋም ነገር አይደለም።

አሥር ሽምብራ በሁለት ሲኒ

እንቅስቃሴው ቀንሷል ወይስ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነው የሚል ጥርጣሬ ሲገባ መቁጠር ይጠቅማል። ሥራ ላይ የቆመች ሴት፣ ያውም ወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ፣ የልጇን እንቅስቃሴ ብዙውን አትሰማውም።

የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ በምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሰንብቶ ማታ 2 ሰዓት ላይ መጣ። ሊጡ መኮምጠጥ ጀምሮ ነበርና እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ ምጣድ ጥጄ እስከ 5 ሰዓት ስጋግር አመሸሁ። የመጨረሻዋን እንጀራ አውጥቼ ስቀመጥ፣ ልጄ ከማታ ጀምሮ መንቀሳቀሱን ማስታወስ አቃተኝ። መብራቱም ወዲያው ተመልሶ ጠፋ። ሁለት የቡና ሲኒ አምጥቼ በአንዱ አሥር ፍሬ ሽምብራ ቆጥሬ ጨመርኩና በጨለማው በግራ ጎኔ ተኝቼ፣ ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንዷን ፍሬ በጣቴ እየዳበስኩ ወደ ሌላኛው ሲኒ ማሻገር ያዝኩ። የመጀመሪያዋ ፍሬ እስክትሻገር ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተከታትለው፣ አሥሩም 40 ደቂቃ ሳይሞላ አለቁ። አዋላጅ ሆኜ ሳለሁ እንኳ ልቤ የተመለሰው የመጨረሻዋ ፍሬ ስትሻገር ነው።

እርስዎም ሲቆጥሩ እንዲሁ ያድርጉ። ሽንትዎን ሸንተው፣ ርቦዎት ከሆነ ምግብ ቀምሰው፣ ቴሌቪዥኑን ዘግተው በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ በግራ ጎን መተኛት ወደ ማሕፀን የሚሄደውን ደም ያቀላጥፋል። እጅዎን ሆድዎ ላይ አሳርፈው የጀመሩበትን ሰዓት ይያዙ። አከታትሎ የመጣ የእርግጫ ውርጅብኝ እንደ አንድ ይቆጠራል። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር እንቅስቃሴ ከተሰማዎት ቁጥሩ ያጽናናል፤ አብዛኛው ልጅ ነቅቶ ከሆነ ከዚህ በጣም ባነሰ ጊዜ ይሞላዋል። ሁለት ሰዓት አልፎ አሥር ካልሞላ ግን እስኪነጋ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

በዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ ካጡ ወይም ልጁ ከልማዱ በእጅጉ መለወጡን እርግጠኛ ከሆኑ፣ ሁለት ሰዓት ቆጥሮ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ቆጠራው መንገድ እንዲያስጀምርዎ እንጂ እንዲያዘገይዎ አልታሰበም። እንደዚሁም አሥሩ ቢሞሉም «ይህ የእኔ ልጅ አካሄድ አይደለም» የሚል ስሜት ካልለቀቀዎት ስሜትዎን አምነው ይታዩ።

የሚያዘናጉ ነገሮች

ከሁሉም የከፋው «ልጁ ለመወለድ ሲቃረብ ይረጋጋል» የሚለው አባባል ነው። አንዲት ሁለተኛ ልጇን የያዘች እናት በ38 ሳምንቷ ሰኞ ጠዋት መጣች። ልጇ ቅዳሜ ማታ እንደ ወትሮው ሳይሆን ቀርቶ ነበር፤ አጠገቧ የነበሩት አክስቷ ግን «አይዞሽ ልጄ፣ ቦታው ጠቦት ነው፣ ለምጡ ኃይሉን እየቆጠበ ነው» ብለው አረጋጓት። አክስትዮዋ ስድስት የወለዱ፣ የሚከበሩ ሴት ናቸው፤ የተናገሩትም በቅንነት ነው። የልጁን ልብ ሳዳምጥ ምቱ ከሚገባው በላይ ዝግ ስላለብኝ ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ ሁለቱም ዳኑ። ቅዳሜ ማታ መጥታ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ቀን ከሌሊት ያህል እናተርፍ ነበር።

እውነቱ እንደሚከተለው ነው። እንቅስቃሴው እስከ 32 ሳምንት ገደማ እየጨመረ ይሄድና ከዚያ በኋላ በዚያው መጠን ይቀጥላል። ቦታ ሲጠበው ዓይነቱ ሊለወጥ፣ ከእርግጫ ይልቅ መግፋትና መንከባለል ሊበዛ ይችላል፤ ብዛቱ ግን እስከ ምጥ ድረስ፣ በምጥም ጊዜ ቢሆን፣ መቀነስ የለበትም።

ለስላሳ መጠጥ ወይም በሶ በስኳር ጠጥቶ «እስቲ ይነቃ እንደሆነ» ብሎ መጠበቅም የተለመደ ነው። ርሃብ ካለ መብላትና መጠጣት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጣፋጭ መጠጥ የታመመን ልጅ አያድንም፣ ልጁ ደህና መሆኑንም አያረጋግጥም። የሚያስጨንቀኝ መጠጡ ሳይሆን ጠጥቶ የሚጠበቀው ሰዓት ነው። በስልክ መተግበሪያ ወይም ለቤት ተብሎ በሚሸጥ የልብ ማዳመጫ ራስን መመርመርም ያሳስታል፤ ያልሠለጠነ ጆሮ የእናትየውን የደም ሥር ምት የልጁ ልብ ምት አድርጎ ሊሰማ ይችላል። ወንድ ልጅ ይራገጣል፣ ሴት ልጅ ትረጋጋለች የሚባለውን ለጨዋታ ይተዉት።

ስለ ጾምም ልጥቀስ፤ በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ወቅት «እስክበላ ድረስ ልጁ ዝም ይላል» የሚሉ እናቶች ያጋጥሙኛል። በእርግዝና መጾምን በተመለከተ አስቀድሞ ከጤና ባለሙያና ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት መምህር ጋር መነጋገር ይገባል፤ እየጾሙ እንቅስቃሴው ከቀነሰ ግን ጾሙ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የሚያስተኙ መድኃኒቶች፣ ሲጋራና የአልኮል መጠጥ የልጁን እንቅስቃሴ ሊቀንሱ ይችላሉ። ጫት መቃምም የልጁን ክብደት ከመቀነስ ጋር የተያያዘ ነው። ያለ ጊዜ የመውለድ ሥጋት ላለባቸው እናቶች ለልጁ ሳንባ ተብሎ የሚሰጠው መርፌም ለአንድ ሁለት ቀን እንቅስቃሴውን ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ ቢሆንም ለባለሙያው ይነገራል።

ለምን እንቸኩላለን?

እንግዴ ልጁ በቂ ደምና ኦክስጅን ማድረስ ሲያቅተው ልጁ ያለውን ለልቡና ለአንጎሉ ለመቆጠብ እጅ እግሩን ማንቀሳቀስ ይቀንሳል። የእናትየው የደም ግፊት ሲጨምር፣ የልጁ ዕድገት ሲገታ ወይም የእንሽርት ውሃው ሲያንስ ይህ ሊደርስ ይችላል፤ እናትየው ደግሞ ምንም ሕመም ላይሰማት ይችላል። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ መፍትሔ አለው። እየቀነሰ ሄዶ ጨርሶ ሲቆም ግን ልንደርስለት የምንችልበት ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

ከከተማ ዳር ሆኖ መዘጋጀት

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ወይም ለገጣፎ ለሚኖር ሰው ችግሩ መሄድ እንዳለበት ማወቁ ብቻ አይደለም፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በምን እንደሚሄድ ማወቁ ነው። ሚኒባስ አይኖርም፤ ባጃጁም ገብቷል፤ በስልክ የሚጠሩት ታክሲ ደግሞ «ሩቅ ነው» ብሎ ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ 28 ሳምንት ሳይሞላ የሚከተለውን በቀን ብርሃን ያደራጁ። በአቅራቢያዎ ካሉት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ሌሊትና በበዓል ቀን አዋላጅ የሚኖረው የትኛው እንደሆነ ሄደው ይጠይቁ። ሰፈር ውስጥ የሚያድር አንድ የባጃጅ ወይም የመኪና ባለቤት አነጋግረው ስልኩን ይያዙ፤ እምቢ ካለ ሌላ ይፈልጉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በባለቤትዎና በጎረቤትዎ ስልክ ላይም ይመዝገብ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልክዎን ማታ ማታ ሞልተው ይደሩ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አሳንሰር የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ደረጃውን ደግፎ የሚያወርድዎ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። የክትትል ካርድዎ በሩ አጠገብ ባለ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ስለሆነ ገንዘብ እስኪገኝ ብለው አይዘግዩ።

ሲደርሱ ካርድ ክፍል ሰልፍ ይዘው አይቁሙ። «የልጄ እንቅስቃሴ ቀንሶብኛል» ብለው በእነዚህ ቃላት ለመጀመሪያው ባለሙያ ይንገሩ፤ «ትንሽ ደከመኝ» ወይም «ለክትትል ነው» ካሉ እንደማንኛውም ተራ ጠባቂ ይቆጠራሉ። መቼ እንደጀመረና ምን እንደተለወጠ ያክሉበት። እኔ ራሴ በአንድ ክሊኒክ በተረኛ ባለሙያ «ነገ ጠዋት ተመለሺ» ተብዬ አውቃለሁ፤ የሙያው ሰው ባልሆን ኖሮ ምናልባት እመለስ ነበር። እንዲህ ቢባሉ፣ በትሕትና ግን ሳይለሳለሱ፣ የልጁ ልብ ሳይደመጥና የደም ግፊትዎ ሳይለካ እንደማይሄዱ ይናገሩ። ሌላ ተቋም ካለም ወደዚያ ይሻገሩ።

ምርመራው አያምም። ባለሙያዋ የልጁን ልብ በቀንድ መሰል ማዳመጫ ወይም ዶፕለር በሚባል የኤሌክትሪክ ማዳመጫ ታዳምጣለች፤ ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። የማሕፀንዎን ከፍታ በሜትር ትለካለች፣ ሽንትዎን ታስመረምራለች። እንደ ሁኔታው ወደ ሆስፒታል ተልከው የልጁ የልብ ምት ለ20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በመሣሪያ ይመዘገባል፤ በአልትራሳውንድም ዕድገቱና የእንሽርት ውሃው ይታያል። የልብ ምቱ ለአፍታ መሰማቱ ብቻ ሁሉንም ነገር አይመልስም፤ «ልቡ ይመታል» ተብለው ከተሸኙ በኋላ ልጁ ወደ ልማዱ ካልተመለሰ፣ በዚያው ቀን ቢሆንም ይመለሱ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ መምጣት አያሳፍርም፤ ተደጋግሞ የመጣ ቅናሽ እንዲያውም ይበልጥ በጥንቃቄ የሚታይ ነው።

ከእንቅስቃሴው መቀነስ ጋር ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ሆድ በኃይል ከቆረጠ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዐይን ብዥታ ካለ፣ ፊትና እጅ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከተነሣ መቁጠሩንም መተኛቱንም ትተው ወዲያው ይውጡ። ከወትሮው የተለየ ኃይለኛ መንፈራገጥ ተሰምቶ ከዚያ ድንገት ዝምታ ከተከተለም እንዲሁ ነው። መንታ የያዙ እናቶች የትኛው ልጅ እንደተንቀሳቀሰ ለመለየት ይቸገራሉና፣ በአንደኛው ወገን ብቻ ዝምታ ከመሰላቸው ቆጥሮ ከማረጋገጥ ይልቅ ሄዶ መታየቱ ይሻላቸዋል።

ከ28 ሳምንት በኋላ ሲተኙ በጀርባ ሳይሆን በጎን ይሁን፤ ሌሊት ነቅተው በጀርባዎ ራስዎን ቢያገኙ ሳይደነግጡ ይዙሩ። ምጥ ሲጀምርም ክትትሉ አይቆምም። በቁርጠቶቹ መካከል ልጁ መላወሱን ይቀጥላል፤ አዋላጅዋም ምጡ ሲፋፋም በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ ማማጥ ሲጀመር ደግሞ በየ5 ደቂቃው ልቡን ታዳምጣለች። በዚያን ሰዓት እንኳ «ዝም አለብኝ» ካሉ፣ ተራው ገና ነው ሳትል ማዳመጫውን አንሥታ ሆድዎ ላይ ታሳርፋለች።